ዊልማ ካፖርቷን ለብሳ የጠበቀችበት ቀን

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ብዙም አልረገጥሁም፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። በምርጫ ቀን "የእኔ ድምፅ ምን ሊለውጥ!" እያላችሁ ሶፋ ላይ የምትጋደሙ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የእህቴ ልጅ ሌላንድ ከወንዙ ማዶ፣ ከአዮዋ ግዛት፣ ወደ እኛ ከተማ ወደ ኦማሃ የመጣው የፕሬዚዳንት ምርጫ በነበረበት ዓመት ነበር። ልበ ቅን ነው፤ በረዶ ሲጥል የአሮጊቶቹን ደጃፍ ሁሉ ሳይለመን ይጠርጋል። ጎረቤቴ ዊልማ ደግሞ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበሯ አትነሳም። በፖስታ ምረጪ ብንላት፣ ድምፄን በገዛ እጄ ካልሰጠሁ አይዋጥልኝም ብላ እምቢ አለች። እኔ ዓይኔ ደክሞ መኪና መንዳት ትቻለሁ። ስለዚህ ሌላንድ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሊወስዳት ቃል ገባ።

ቀኑ ሲደርስ ዊልማ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እኔም አብሬያት ነበርሁ። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ሌላንድ የለም። ብደውልለት አያነሳም። ምርጫው ተዘጋ። ካፖርቷን ላውልቅልሽ ብላት ተይኝ አለችኝ።

በማግስቱ ሌላንድ ምንም እንዳልተፈጠረ ዶናት ይዞ እኔ ቤት መጣ። የት ገብተህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ከሥራ ወጥቶ እንቅልፍ እንደጣለው ነገረኝ።

"ደግሞስ አክስቴ፣ ይህን ያህል ምን ያስቆጣሻል?" አለኝ። "ይህ ግዛት ለማን እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያሸነፈው ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። የእሳቸው ድምፅ ኖረ አልኖረ ምን ለውጥ አለው?"

"እሱ በመጣህበት በአዮዋ ነው" አልሁት። "ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ግዛቶች በሚሰጡት ድምፅ ነው፤ የእኛ ግዛት አምስት ድምፅ አለው። ሁለቱን በጠቅላላው ግዛቱን ያሸነፈ ይወስዳል፤ ሦስቱ ግን ለየምርጫ ወረዳው አንድ አንድ ናቸው። አንዷ የኦማሃ ናት። ግዛቱ ወዲያ ቢል እሷ ወዲህ ልትል ትችላለች። አንተ ድልድዩን ስትሻገር አልጋህን ሳይቀር ጭነህ ጭንቅላትህን ማዶ ረሳኸው?"

ዶናቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አላወቅሁም" አለኝ።

"አለማወቅህን ሄደህ ለእሷ ንገራት።"

አብረን ዊልማ ቤት ገባን። ካፖርቷ ሳይሰቀል አንድ ወንበር ላይ ተጥሎ ነበር። ዊልማ አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"ማን አሸነፈ ብዬ አይደለም ልጄ" አለችው። "ሰው ሁሉ መስኮቴ ሥር እያለፈ ሲሄድ፣ እኔ ከሰው ቁጥር የወጣሁ መሰለኝ።"

ሌላንድ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ፤ ክፋት አይደለም ያሳሳተው፣ የማዶውን ደንብ ይዞ መሻገሩ ነው። ስንቶቻችን ነን የምንኖርበትን ቦታ ደንብ ሳንጠይቅ ተስፋ የምንቆርጥ? ጠይቁ። ጎረቤታችሁ መውጣት ካቃተው ደግሞ ውሰዱት። ድምፁ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም የእሱ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በቀጣዩ የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ሌላንድ በማለዳ፣ ጢሙን ተላጭቶ ዊልማ ቤት ደረሰ። እሷ ገና ቁርሷን አልጨረሰችም።

"ምን አስቸኮለህ? ካፖርቴን እንኳ አልለበስሁም" አለችው።

"ቀስ ብለው ይልበሱ" አለና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። "ዛሬ የመጠበቁ ተራ የእኔ ነው።"