ዘሩ እንደ ልቡ የሸና ዕለት

የወረታው ሩዝ ነጋዴ ዘሩ ግቢው ውስጥ አጥር ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑን ሚስቱ ሸጌ ላይ አፈጠጠ። ለምን አያፈጥ? በዋዜማው «ሙትልኝና ልረፍ!» ብላ ስትጮህበት ያልሰማ የለም። የዘሩ ፕሮስቴት አብጦ ሽንት ከለከለውና ነርሷ መሠረት ቤት ድረስ እየመጣች ቱቦ ታስገባለት ነበር። ነርሷ ሱሪውን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ደግሞ ሸጌ ሆዷ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ ያህል ትቃጠላለች።

ኢንስፔክተር ደብረወርቅ ሬሳውን አገላብጣ አየች። ቁስል የለም። አንገቱ ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳ አለ።

«እንዴት ሞተ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ጠዋት ወጣ ብሎ ተመለሰና አጥሩ ሥር ሲስቅ ሰማሁት። ‹ሸጌ፣ ያለ ቱቦ መጣልኝ!› አለኝ። ስደርስ ዓይኑን መግለጥ አቃተው፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ ትንፋሹም...»

«በቅናት ገደለችው ይላሉ።»

«በቅናትማ ብገድል መሠረትን ነበር!»

የሬሳው ምርመራ ውጤት ከባሕር ዳር ሲመጣ ደብረወርቅ ሸጌን፣ መሠረትንና የመሠረትን ባል፣ የከብት ሐኪሙን ያየህን፣ እዚያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ካቴና ይዞ ሸጌ ጀርባ ቆሟል።

«ደሙ ውስጥ ጀንታማይሲን ተገኝቷል፤ ለሰውም ለከብትም የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው» አለች። «ሲበዛ ግን ነርቭ ለጡንቻ ‹ተኮማተር› ብሎ የሚልከውን መልእክት ያፍናል። መጀመሪያ ፕሮስቴቱ ውስጥ የሽንቱን መንገድ ጨምድዶ የያዘው ጡንቻ ላላ፤ ሽንቱ መጣ። ቀጥሎ የዓይኑ ቆብ፣ ምላሱ፣ በመጨረሻ መተንፈሻው።»

«መድኃኒት ያላት እሷ ናት!» ሸጌ ጣቷን ወደ መሠረት ቀሰረች።

«መሠረት ሰው የምትወጋው ቂጡ ላይ ነው። አንቺ መርፌ መያዝም አታውቂም። አንገት ላይ መውጋት የለመደ እጅ የማን ነው?»

ሁሉም ያየህን አዩት።

«አንገት ያለው ሁሉ በሬ ነው እንዴ?» አለ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

«የሰጠኸው ግን የበሬ ልክ ነው። ባዶ ብልቃጦቹን ከጓሮህ ቆፍረን አውጥተናል።»

ያየህ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሚስቴ የሰው ባል ሱሪ እያወለቀች ስትውል ዝም ልበል? አዎ፣ ወጋሁት!»

«በበሽተኛ ትቀናለህ?» አለች መሠረት።

ሸጌ ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከናት። «እሱስ ምን ነክቶት አንገቱን ሰጠህ?»

ያየህ እጁ እየታሰረ ወደ እሷ ዞረ።

«‹ያለ ቱቦ የሚያሸና መርፌ አለኝ› ስለው፣ ‹ሸጌ በቅናት አለቀችብኝ፤ መሠረትን ከቤቴ የሚያስቀርልኝ ከሆነ የትም ውጋኝ› አለኛ!»

ሸጌ ልትነሳ ሞከረችና እጇን ወደ ነርሷ ዘረጋች።

«መሠረት» አለች፣ «እስቲ ደግፊኝ።»