የሄቲ ሦስት ቅዳሜ

ነብያት በሩን ስትከፍት እትዬ ዓለምነሽ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው ቆመዋል።

«እናትሽስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሳሎን ናት። ቲቪ እያየች ነው።»

«ቲቪ?» ከነድስታቸው ደርቀው ቀሩ። «ሴትዮዋ ሳትቀበር?»

እናቷ ሠርካዲስ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ እሷም ደነገጠች።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጠዋት በስልክ ሄቲ ሞተች፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ሆቴል አብራሽ የምትሠራዋ ፈረንጅ ናት ብዬ ከግሌንዴል ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ መጣሁ።»

«ሄቲ እኮ የቲቪ ሰው ናት» አለች ሠርካዲስ ቀስ ብላ።

ከዚያ እትዬ ዓለምነሽ ገቡና ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ምስሩ ትኩስ ነው። የሞተችው ሞታለች፤ ያለነው እንብላ።»

ሳህን ሲቀርብ ለቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው ጠየቁ። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ነብያት ሳቋን ዋጠች። ከዓርብ ጀምሮ ሳቅ ያማራት ገና አሁን ነበር። ከትናንት በስቲያ ዓርብ፣ መምህሯ ሚስስ ኮል የትምህርት ቤቱን ቲያትር የሚና ምደባ ለጥፋ ነበር። የባለጸጋዋን ወጣት ሚና ፈልጋ ክረምቱን ሙሉ ቃሉን አጥንታ ነበር፤ ያንን ያገኘችው ግን ጓደኛዋ ሮማን ናት። ለነብያት የደረሳት የአሮጊቷ አገልጋይ ሚና ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ትሞታለች።

«ሦስት ላይን ብቻ?» ብላት ነበር ሮማን። «ሼም ነው ባክሽ። ድሮፕ አድርጊው፤ ተይው። ሰኞ ለሚስስ ኮል ከትምህርት በኋላ ሥራ አለብኝ በያት። አለቀ።»

ነብያትም እሺ ብላ ነበር።

ሄቲ የነበረችበት ድራማ በየቅዳሜው በሕዝብ ጣቢያው የሚታይ የእንግሊዞች ተከታታይ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ጎረቤቶች እርስ በርስ ሲጣሉና ሲጋቡ ዓመታት አልፈዋል። የእንግሊዞቹ አነጋገር ለሠርካዲስ ስለማይገባት ነብያት አጠገቧ ተቀምጣ ትተረጉምላታለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እየቀየረች።

«ልብስ አጣቢ ነበረች» ብላ ጀመረች ሠርካዲስ። «ያ ባለ መጠጥ ቤቱ ወፍራም ሰውዬ... ስሙ ማን ነበር ነብያት?»

«አራት ዓመት አይተሽው ስሙን አታውቂውም?»

«ተይው። እሱ ቤት ልብስ ልታደርስ ስትመጣ ነው መጀመሪያ ያየኋት። በር ሳታንኳኳ በፊት የጫማዋን ጫፍ እንዲህ በባቷ ጠረገች።» ሠርካዲስ ተነሥታ አሳየች፤ ቀኝ እግሯን አንሥታ ጫማዋን ከግራ ባቷ ጀርባ አሸት፣ ፊቷን ቀና፣ እጇን ለማንኳኳት ዘርጋ አደረገች። «ልክ እንደዚህ። እኔም ሆቴል ላጸዳ ስገባ እያንዳንዱ ክፍል በር ላይ የማደርገው እሱን ነው። የአለቃዋን ልብስ የምታሸትበት ጊዜም ነበር። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ታንጎራጉራለች።»

«ስንት ዓመት ቆየች?» አሉ እትዬ ዓለምነሽ።

«ሦስት ቅዳሜ።»

«ሦስት ቅዳሜ ብቻ?» ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ። «ነፍሷን ይማር።»

ነብያት ሹካዋን አስቀመጠች። ሄቲ የተናገረችውን በሙሉ የተረጎመችው እሷ ናት። ጫማው ግን ቃል አልነበረውም፤ ያንን እናቷ ያለ አስተርጓሚ ነው ያየችው።

ሰኞ የሚስስ ኮል ክፍል በር ላይ ሮማን እየጠበቀቻት ነበር።

«ነገርሻት?»

«አልነግራትም።»

«ሲሪየስሊ? ትሞቻለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ነብያት። «ከዚያ በፊት ግን ሦስቴ በር አንኳኳለሁ።»

በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ትሪዋን ይዛ ከመድረኩ በር ፊት ቆመች፣ የጫማዋን ጫፍ በባቷ ጠረገች፣ አንኳኳች። በሁለተኛው ቀን ሚስስ ኮል ባለጸጋዋን «ትንሽ ቆዪ ሮማን፤ እሷ ጫማዋን ሳትጨርስ አትናገሪ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁሉም እሷን መጠበቅ ለመዱ።

የቲያትሩ ምሽት ሠርካዲስ፣ እትዬ ዓለምነሽና እነነብያት ከሚኖሩበት የፒዮሪያ ስትሪት አፓርታማ የተጠራሩ ስድስት ሴቶች ሦስተኛውን ረድፍ ሞሉት። ነብያት መጀመሪያ ጫማዋን ስትጠርግ ከአዳራሹ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። በሁለተኛው ሳቁ ቀድሞ ጠበቃት። በሦስተኛው እግሯን አንሥታ ጫማዋ ባቷ ላይ ሳይደርስ መለሰችው፤ አሮጊቷ ደክሟታል። የሚስቅ አልነበረም። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ተናግራ ትሪውን በጥንቃቄ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ወደቀች።

ከሦስተኛው ረድፍ የእትዬ ዓለምነሽ ድምፅ ተሰማ። «እኔን! እኔን ልጄን!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ። ነብያት ሞታ ስለነበር መነሣት አልቻለችም። ጉንጯን ወለሉ ላይ አስደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጭብጨባውን እስኪያልቅ ሰማችው።

በእረፍቱ ወደ መተላለፊያው ስትወጣ ሴቶቹ ካፖርታቸውን ለብሰው አገኘቻቸው። እትዬ ዓለምነሽ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ትመለሻለሽ እንዴ?» አሉ እትዬ ዓለምነሽ።

«ሞቻለሁ እኮ እትዬ።»

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን?»

ከበሩ ጀርባ ሮማን የሁለተኛውን ክፍል ቀሚሷን ለብሳ ቆማ ነበር፤ አማርኛውን ሰምታለች። ረጅሙ ንግግሯ ገና ይቀራታል፤ ያኔ ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ሊሆን ነው። ነብያት አየቻት።

«ሮማን አለች» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «እሷ እስከ መጨረሻው አትሞትም። ግቡ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ሠርካዲስ ካፖርቷን ቀድማ አወለቀች።

መጋረጃው ሲዘጋ እትዬ ዓለምነሽ ማንንም ሳይጠይቁ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ገቡና ድስቱን በመዋቢያዎቹ መሐል አስቀመጡ።

«ያን ጊዜ ሟቿን ሳላያት ነበር ያመጣሁት» አሉ። «ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ብሉ።»

ነብያት ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፤ ስታስረዳ የእትዬ ዓለምነሽን ድምፅ ሳታስበው አወጣች፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ባለጸጋዋ፣ መርማሪውና ዳኛው በአንድ ትሪ ዙሪያ ቆመው ምስር በእንጀራ በሉ። ሮማን ሁለተኛ ጉርሻዋን እያነሣች «ከሞትሽ በኋላ መድረኩ ሰፋብኝ» አለች።

ድስቱ ባዶውን ወደ ግሌንዴል ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ነብያት የሚስስ ኮል በር ላይ ቆመች፤ የጫማዋን ጫፍ በባቷ ጠረገችና አንኳኳች። ለፀደዩ ቲያትር የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ተማሪ እሷ ሆነች።