የኔቪል ዲሪን አዲስ ጋንቾ

ኔቪል ዲሪን በራሱ መኪናና በራሱ ጋራዥ በር መሃል ተጨፍልቆ ሞተ።

መርማሪዋ ሎርና ባንቲክ ስትደርስ ገና እያወጡት ነበር። የሆባርት ከተማ ቁልቁለት ናት፤ ይሄ ግቢ ግን ይብሳል። መንገዱ ላይ ቆመህ የጋራዡን ጣሪያ ቁልቁል ታየዋለህ። ኤስዩቪዋ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ ኋላዋን በሩ ውስጥ ቀብራለች። ከኋላዋ የተሰካው የሳይክል መጫኛ ተጣሟል።

«የእጅ ፍሬኑስ?» አለች ሎርና።

«ወርዷል» አለ ፖሊሱ ፔሪ። «ማርሹም ፍሪ ላይ ነው። ሰውየው ከኋላ ተንበርክኮ መጫኛውን ሲያስገባ ወረደችበት። ጠዋት የመጎተቻ ጋንቾውን የገጠመለት ልጅ ቫኑ ውስጥ ነው። ገደልኩት እያለ ነው።»

«ሰው ሲያምንልህ ደስ ይልሃል አይደል?»

«ምሳ አልበላሁማ።»

ሎርና ወደ ቫኑ ሄደች። በኋላ በኩል ስትዞር የቫኑ የራሱ ጋንቾ ቅልጥሟን መታት። ተሳደበች። እያነከሰች ገብታ ጋቢና ተቀመጠች።

ሼን ትሪፊት መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት ያያል። ስልኩ ይጮኻል።

«አታነሳም?»

«ሚስቴ ናት። ልትወልድ ነው። ምን ልበላት?» መሪውን አለቀቀም። «ጻፊው። ገጥሜ ስጨርስ መኪናዋን ትንሽ ወደ ላይ አወጣኋት፣ ከኋላ ቦታ እንዲኖረው። ከዚያ ማርሹን ፍሪ አደረግኩ፤ የእጅ ፍሬኑን መሳቤን ግን አላስታውስም። እጄን ስጠይቀው ነው የዋልኩት፣ አይነግረኝም።»

«ታኮስ?»

«ታኮ አድርጌያለሁ። እሱን አስታውሳለሁ፣ የግራ የኋላ ጎማ ስር። እዚህ ሰፈር ያለ ታኮ መኪና ከተውክ ጎረቤት ይሰድብሃል። ግን ተንሸራቶ ይሆናል። በቃ ጻፊው፣ እፈርማለሁ።»

«ስትሄድ ኔቪል ምን ያደርግ ነበር?»

«ጋንቾውን ያሻሻል፣ ፈረስ የገዛ ነው የሚመስለው። ምላሱ ገና አልተነቀለም ነበር፤ ኳስ ያለበት፣ ወደ ኋላ የሚወጣው ብረት። እሱን አውጥቶ ነው መጫኛውን እዚያው ቀዳዳ የሚከተው። ላሳይህ ብለው፣ ልጅ አይደለሁም ሂድ አለኝ።»

«አልጽፍም» አለች ሎርና።

«እባክሽ። እኔ ልሁን አልሁን ሳላውቅ ከምኖር እስር ቤት ይሻለኛል።»

ሎርና የቫኑን ቁልፍ ነቅላ ወረደች። ለፔሪ ሰጠችው። «አጠገቡ ቁም። ለሽንት እንኳን ብቻውን እንዳትለቀው።»

«ሊያመልጥ ነው?»

«ማምለጥማ ቢሆን በተሻለኝ። ራሱን እንዳይጎዳ ነው።»

ታኮው የአበባ መደቡ ላይ ወድቋል። የጥድ ግንድ ቁራጭ ነው። በጥፍሯ ጫነችው፣ ጥፍሯ ገባ። ሌላ ምልክት የለውም። የጋንቾው ምላስ ሳሩ ላይ ተኝቷል። ኳሱ ሰማያዊ ግራሶ ተቀብቷል፤ በአንድ በኩል ግን ተጠርጎ ብረቱ ይታያል።

የሟች ሚስት ግዌን ወጥ ቤት ቆማለች። መቀመጥ እንቢ ብላለች።

«ትጣሉ ነበር?» አለች ሎርና።

«ከተጋባን ጀምሮ።» ግዌን ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ደህና ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን እንቅልፍ የለውም። ትናንት ምን አለኝ፣ ነገ ከግራንት ጋር አንዴ ሳይክል እንነዳና ሰኞ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን። ለምን ስለው፣ ሰኞ እነግርሻለሁ።»

«ግራንት ማነው?»

ግዌን ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አሳየቻት። ሁለት ሰዎች ሳይክላቸውን ይዘው ተራራው ላይ በረዶ ውስጥ ቆመዋል።

«ባለቁምጣው። በረዶ ላይ ቁምጣ። የልጃችን ሰርግ ላይ ቁምጣ። ኔቪል እሱን ስትቀብሩት በቁምጣው ነው የ…» አፏን በእጇ ያዘች።

ግራንት ፓይበስ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አስፋልቱ ይለበልባል፤ እሱ ወፍራም ጂንስ ለብሷል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«አልሞቀህም?»

«ጓደኛዬ ሞቶ በቁምጣ ልምጣ?»

«ማን ነገረህ?»

«ግዌን ደወለችልኝ። ቤቴ ነበርኩ። መጥቶ ሊወስደኝ ነበር እኮ።»

«እዚህ መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?»

«እሁድ ለት።»

«ስለዚህ ጋንቾውን አላየኸውም።»

«የት አይቼው? ዛሬ አይደል የተገጠመው?»

«ሰኞ ለፖሊስ ምን ልትነግሩ ነበር?»

ግራንት ላቡን ጠረገ። «ኔቪል ሰሞኑን ጤነኛ አልነበረም።»

ሎርና ሁሉንም ግቢው አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሼንን ፔሪ በክንዱ ደግፎ አመጣው። ታኮውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«መኪናዋ ሁለት ቶን ናት። ፍሬን ባይያዝ ምን ላይ ትተኛለች?»

«ታኮው ላይ።»

«ታኮው ምን ይሆናል?»

«ጎማው ይነክሰዋል።» ሼን አገላበጠው። አንዴ ደግሞ አገላበጠው።

«የተነከሰ ታኮ በእጅ ይወጣል?»

«አይወጣም። በመዶሻ ነው፤ ወይ መኪናዋን ወደ ላይ መንዳት ነው።» ቆመ። «ተንሸራቶ ቢሆንስ?»

«ቢንሸራተት ይቦጨር ነበር። ይህ አልተቦጨረም። ደግሞ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ዘሎ አበባ ላይ አይወጣም። ሰው ነው በእጁ አንስቶ የወረወረው። በእጅ የተነሳው መኪናዋ ስላልተኛችበት ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ይዟት ስለነበር። ስበኸዋል ሼን።»

ሼን ታኮውን ደረቱ ላይ ያዘ።

«ፍሬኑን ማን አወረደው ታዲያ?» አለች ግዌን። «ኔቪል ራሱ?»

«ኔቪል ከኋላ ተንበርክኮ ነበር። እጁ እስከ መሪው አይደርስም።» ሎርና የሱሪዋን ጫፍ ሰበሰበች። ቅልጥሟ አብጧል። «ዛሬ የሼን ቫን ነው ይሄን ያደረገኝ። ብረቱ እዚያ መኖሩን እግሬ አያውቅማ። የኔቪል መኪና ደግሞ እስከ ትናንት ከኋላዋ ባዶ ነበረች። ስንት ዓመት በዚያ የዞረ ሰው ዛሬም እንደለመደው ይዞራል። የኳሱን ግራሶ አንድ ሰው በቅልጥሙ ጠርጎታል። ሼን ከሄደ በኋላ፣ ኔቪል ምላሱን ሳይነቅል በፊት።»

ግዌን የግራንትን ጂንስ አየችው።

«ግራንት» አለች ግዌን ቀስ ብላ። «ቁምጣህ የት አለ?»

ግራንት እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ሼን ግን ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጫማ ያይ ነበር። ማሰሪያው ላይ ሰማያዊ ነገር አለ።

«የኔ ግራሶ ነው» አለ። «ለጀልባ ተሳቢ የምይዘው።»

«ሱሪህን ሰብስብ» አለች ሎርና። «አላየሁትም ያልከውን ጋንቾ እግርህ አይቶታል።»

ግራንት ሱሪውን ሰበሰበ። ቅልጥሙ ላይ እንደ ኳሱ ክብ የሆነ ሰንበር ጠቁሯል። ከዚያ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።

«ክረምት ላይ ተራራው መንገድ ላይ የተገጨው ሽማግሌ» አለ። «የነዳሁት እኔ ነኝ። ኔቪል አቁም አለኝ፣ አላቆምኩም። ዛሬ መጥቼ ለመንኩት። ሰኞ አብሬህ እገባለሁ፣ ብቻህን አልተውህም አለኝ። የባሰብኝ ያ ነው። ትንሽ ወደ ላይ ላውጣልህ ብዬ ታኮውን ሳነሳ እያየኝ ነበር። ያንተን ሳይክል በውስጥ በኩል አደርገዋለሁ፣ እንዳይቧጨርብህ አለኝ። ከዚያ ገባሁና ፍሬኑን ለቀቅኩት።»

ግዌን ጮኸች። ፔሪ ግራንትን ይዞት ሄደ።

ሼን ካለበት አልተነቃነቀም። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ።

«ነኝ።»

«ግን አላስታውስም እኮ።»

«በየቀኑ የምታደርገውን ማን ያስታውሳል?»

ራሱን ነቀነቀ። ሎርና አበቃ ብላ ልትሄድ ስትል፣ «ጋንቾውን ባልገጥምለት ኖሮ እዚያ አይንበረከክም ነበር» አለ።

ሎርና ግዌንን አየቻት። ግዌን ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሼን መጣች። መኪናውን ላለማየት ዞራ ከጎኑ ቆመች።

«ጠዋት ስወጣ አንተ ከመኪናው ስር ነበርክ» አለችው። «እሱ አጠገብህ ቆሞ ያፏጫል። ከክረምት ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም ነበር። ትሰማኛለህ? ሰኞ ፖሊስ ጋ ለመሄድ የቆረጠ ሰው ፉጨት ነበር።»