ድንበር ያልተሻገሩት

ሰኔ ፳፪ ቀን ፳፻፲ ዓመተ ምሕረት ረፋዱ ላይ፣ የእንጦጦ ጉም ወርዶ የሱሉልታን ሜዳ ሸፍኖት ነበር፤ ከምሥራቅ ቆላ ተፈናቅለው ባላለቀ መጋዘን ውስጥ የሰፈሩት አርባ ቤተሰቦችም በሲሚንቶው ወለል ላይ ተቃቅፈው ይንቀጠቀጡ ነበር። ከእነርሱ አንዷ፣ የኦቦ መገርሳ ባለቤት ሊቤ፣ የሳንባ ምች ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው።

የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ጸሐፊ ገለቴ ጉታ የጭነት መኪና ሲደርስ ስታይ «ተመስገን» አለች፤ ከባሕር ማዶ ያሉ የሉተራውያን ምእመናን በጋራ የላኩትን ብርድ ልብስ ጭኖ ነበርና። ዕቃውን የሚያከፋፍለው የእርዳታ መሥሪያ ቤት አስተባባሪ አቶ ብዙነህ ግን ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ ወረቀቱን ዘረጋ።

«እዚህ የሚወርድ የለም። ደብዳቤው ‹ለስደተኞች› ይላል፤ ስደተኛ ድንበር የተሻገረ ነው፤ እነዚህ ተፈናቃዮች ናቸው።»

ገለቴ ደሟ ፈላ። የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ ኦቦ መገርሳ በኦሮምኛ «ባቀኔ ዱፍኔ» ሲሏት፣ ሸሽተን መጣን ማለታቸው ነውና፣ «ስደተኞች» ብላ አሰፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ «ሁላችን በምድር ላይ ስደተኞች ነን» የሚል ስብከት ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ይህ ቃል ፓስፖርት ይጠይቃል ብላ እንዴት ትጠርጥር?

«ጥፋቱ የእኔ ነው አቶ ብዙነህ፤ አሁኑኑ አርሜ ልፈርም። ሴትዮዋ ልትሞት ነው!»

«እርማት በመሥሪያ ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው። ዕቃው ወደ ድንበር ይሄዳል።»

ኦቦ መገርሳ ጋቢያቸውን ለሚስታቸው አልብሰው በሸሚዝ ብቻ ወጥተው ብዙነህን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ትንሽ ጨምረን ሮጠን ቢሆን ኖሮ ይሞቀን ነበር ማለት ነው?»

ብዙነህ ወረቀቱን አጥፎ ሾፌሩን «ንዳ» አለው።

«መልሱላቸው እንጂ!» ብላ ጮኸች ገለቴ፤ እጇን ዘርግታም ከመኪናው ፊት ቆመች። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ፣ በሣሩ ላይ ዞሮ አለፋት።

እርማቱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጸድቆ መጣ፤ ማኅተሙ እንዴት ያምር ነበር፣ እሳት ይብላውና! ሊቤ ግን በአምስተኛው ቀን ተቀብራለች።

የመሥሪያ ቤቱ የዓመቱ ሪፖርት ስለዚያ ጉዞ ያሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በሱሉልታ ስደተኛ አልተገኘም» ይላል። ማንም ሐሰት ነው ሊለው አይችልም፤ ሊቤ የሞተችው በገዛ አገሯ ነው።