የተማሰለው ስፕሪስ

ዓርብ ረፋድ ላይ ተቋራጩ ጂራታ ባጫ ሰንጋ ተራ ካለች ጠባብ ካፌ ውስጥ በተቀመጠበት ተደፍቶ ሞተ። ኢንስፔክተር ዲንቄ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ግን አልተነካም። በጂራታ ቦታ ግማሹ የተጠጣ የስፕሪስ ብርጭቆ አለ። ከጎኑ የታናሽ ወንድሙ የሚደቅሳ ማኪያቶ፣ ከፊት ለፊቱ የአቶ ዓባይነህ ጥቁር ቡና። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ከብርጭቆው ወደ ሁለቱ ማንኪያዎች፣ ከማንኪያዎቹ ወደ ብርጭቆው ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ለየብቻ አሽጋ ለምርመራ ላከች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የካፌዋን ባለቤት ለሊሴን ነው። ማሽኑ ላይ የምትሠራውም፣ የምታስተናግደውም እሷው ናት።

«ጂራታ ይህን ቤት ገዝቶ ‹ውጪ› ብሎሻል አሉ።»

«ብሎኛል። ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን በገዛ ቡናዬ ሰው አልገድልም።»

«ስፕሪሱን እንዴት ነው የምትሠሪለት?»

«በጾም ቀን ወተት አይነካም። ሻዩን ከታች እቀዳና ቡናውን ከላይ በቀስታ አፈስበታለሁ፤ ሁለት ቀለም ሆኖ ይቀርባል። ስኳር በሽታ ስላለበት ማንኪያም አላስቀምጥለትም። መራራውን ከላይ ይጠጣና ወደ ሻዩ ይወርዳል። ዛሬ ግን ‹ለምን አማሰልሽው?› ብሎ ተቆጣኝ። እኔ አላማሰልኩትም።»

«ተቆጥቶም ጠጣው?»

«ስልክ አናግሮ መመለሱ ነበር፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ሌላ ልሥራልዎት› ስለው ‹ተይው› አለኝ።»

ሚደቅሳ በተራው ቀረበ። ከሟቹ ጋር በአባታቸው ቦታ ይካሰሱ ነበር።

«ዛሬ የተገናኘነውም ጋሽ ዓባይነህ ሊያስታርቁን ነው» አለ።

«ብርጭቆው ሲመጣ ምን ይመስል ነበር?»

«ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ። እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ጂራታ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። እኔ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ደግሞ ጋሽ ዓባይነህ ካርድ ልግዛ ብለው ወጡ።»

«ስለዚህ ሁለታችሁም ተራ በተራ ከብርጭቆው ጋር ብቻችሁን ቀርታችኋል።»

ሚደቅሳ ላቡን ጠረገ። «እንደዚያ ነው» አለ።

አቶ ዓባይነህ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ልጃቸው መሐንዲሱ በዕውቀቱ የሞተው ጂራታ የሚያሠራው ሕንፃ ተደርምሶበት ነው።

«እንዴት ይቅር አሉት?» አለች ዲንቄ።

«ሽማግሌ ገባ። ይቅር ብያለሁ አልኩ።»

«ቡናዎትን ስኳር አያደርጉበትም?»

«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ጣፋጭ ነገር አልቀመስኩም።»

ውጤቱ ሲመጣ ዲንቄ ሦስቱንም እዚያው ካፌ ሰበሰበቻቸው።

«ጂራታን የገደለው በስፕሪሱ የተጨመረ የልብ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ነው የተጨመረበት» ብላ ጀመረች። «ለሊሴ ብትጨምረው ኖሮ ማሽኑ ጋ ታሟሟው ነበር። ብርጭቆው ግን ሁለት ቀለም ይዞ ነው የቀረበው። ይህን የነገረኝ ሚደቅሳ ነው፤ ቃሉ ጥርጣሬውን ከለሊሴ አንስቶ ወደ ራሱ የሚያመጣ ስለሆነ አመንኩት። ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ ማማሰል የሚያስፈልገው እዚሁ ለጨመረ ሰው ነው። ዱቄቱ ከላይ እንዳይታይበት።»

ወደ ሚደቅሳና ወደ አቶ ዓባይነህ ዞረች።

«ማንኪያ የነበራችሁ ሁለታችሁ ናችሁ። የሚደቅሳ ማንኪያ የወተት አረፋ ለብሷል። በእሱ ቢማሰል ስፕሪሱ ውስጥ ወተት ይገኝ ነበር፤ ጠብታ አልተገኘም። ጋሽ ዓባይነህ፣ ስኳር የማይጨምር ሰው ማንኪያ አያረጥብም። የእርስዎ ግን እርጥብ ነበር። ሻዩም መድኃኒቱም ተገኝቶበታል።»

ሚደቅሳ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እኛን ሊያስታርቁ አልነበረም እንዴ የጠሩን?»

«ሁለት ሰው ሲኖር ጥርጣሬው ይከፈላል ብዬ ነው» አሉ አቶ ዓባይነህ በረጋ ድምፅ። «አንተን አዝንልሃለሁ። ለእሱ ግን አላዝንም። ሲሚንቶውን የቀነሰው እሱ ነው። የልጄ ሬሳ ከፍርስራሹ ሳይወጣ ‹ስህተቱ የመሐንዲሱ ነው› ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ፣ እኔም አቀፍኩት። እንዲያምነኝ ነበር የፈለግኩት። በየሳምንቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲስቅ፣ አንድ ቀን ይህን ሳቅ አቆመዋለሁ እያልኩ ቡናዬን ጠጣሁ።»

ለሊሴ ፊቷን አዞረች።

«ያን ቀን የደወለለት ጠበቃው ነው» አለች ዲንቄ። «የሕንፃው ጉዳይ እንደገና ተከፍቶ ክስ ተመሥርቶበታል። የግንበኞቹ አለቃ ሲሚንቶው የተቀነሰው በጂራታ ትዕዛዝ መሆኑን ሊመሰክር ቃል ገብቶ ነበር።»

አቶ ዓባይነህ ቀና አሉ። «ችሎቱ መቼ ነው?»

«አይኖርም። ተከሳሽ ሲሞት ክሱ ይቋረጣል።»

«የበዕውቀቱ ስምስ?»

«እንደጠፋ ይቀራል፣ ጋሽዬ።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እስኪጠጋቸው ሳይጠብቁ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው በመስኮቱ አልፎ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ቀረ።