የመምህር ዘርጋው ጽዋ

የቤተ መንግሥቱ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው በሄዱበት ማለዳ የሰመርዳን ሰው ሁሉ ደረቱን ደቃ። ንብ ያለ ምክንያት ቤቱን አይለቅም። ፀሐይ ሳትሞቅ ወሬው ከእልፍኝ ወጣ፦ የአልጋው ወራሽ ትንሹ ልዑል ሰናይ መድኃኒት ጠጥቶ ተኝቷል፤ ቢጠሩት፣ ቢነቀንቁት፣ አልነቃም።

መድኃኒቱን የሰጡት መምህር ዘርጋው ነበሩ። የመድኃኒት ቤቱ ታላቅ መምህር፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ሲስቁ ግቢው ሁሉ የሚሰማቸው ሰው። ልዑሉ በዚያ ትከሻ ላይ ተፈናጦ ጓሮውን ካልዞረ ምሳ አይበላም ነበር። እንግዲህ በሰመርዳን ሕግ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ያንኑ ልክ ቀድሞ በምስክር ፊት ይጠጣል። ልጁ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ እሳቸውም ድብቴ የሚባለውን የእንቅልፍ ሐረግ ጭማቂ በጽዋ ሞልተው ጠጡ። አዛጉ፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ያንኑ ጽዋ ሞልተው ለልጁ ሰጡ።

እሳቸው ደህና፣ ልጁ እንደ ሬሳ። ታዲያ ሰው ምን ይበል? «ድግምት ነው!» አለ። አይ ሰው! ያልገባው ነገር ሁሉ ድግምት ነው።

ትርንጎ ግን ድግምት የሚለው ቃል አልዋጥልሽ አላት። ወላጆቿ የሞቱባት፣ መምህር ዘርጋው እንደ አባት ያሳደጓትና ያስተማሯት ቀጭን ልጅ ናት። በእቴጌ ሐመረ ፊት ተንበርክካ እንዲህ አለች፦

«እቴጌ! ድብቴን የሚሽረው የንቄ ዛፍ ወተት ነው፤ እሱም በጉምጉም ተራራ ላይ፣ ዘንገሎ በሚባለው አውሬ እቅፍ ውስጥ ይበቅላል። የልጅዎን እስትንፋስና የአሳዳጊዬን ንጹሕ ስም ይዤ ካልተመለስኩ የሰመርዳን አፈር አይቀበለኝ!»

እቴጌዋ ከልጃቸው ፊት ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ መለሱ፦ «ሂጂ። ልጄን ካነቃሽልኝ የለመንሽኝን አልነሳሽም። በአባቴ ዙፋን ምያለሁ።»

ከእሷ ጋር ጦረኛው ድልነሳ ወጣ። በሰመርዳን የእሱን ያህል ጦር የሚወረውር አልነበረም፤ የእሱን ያህል የሚያወራም አልነበረም። ትርንጎ በመድኃኒት ቤቱ የቀረውን ድብቴ ጠብታ ሳታስቀር በቅል ይዛለች።

«ለመሆኑ ይሄ ቅል ከጦሬ ይበልጣል?» አላት ተራራውን ሲወጡ።

«አንተ ጋሼ፣ ጦርህ ዘንገሎን ከገደለው ዛፉ አብሮት ይደርቃል። የሚኖረው በትንፋሹ ነው። ማስተኛት እንጂ መግደል የለብንም።»

«ጉድ ነው! አውሬ እሹሩሩ ልንል ነው የመጣነው በይኛ!»

ዘንገሎ ዛፉን ተጠምጥሞ አገኙት። እግሩ የአዞ፣ ቀንዱ የጎሽ፣ ወገቡ ከዋርካ ግንድ የወፈረ። ሲተነፍስ ጉሙ ወደ ፊት ሄዶ ይመለሳል። ይዘዋቸው የመጡትን ሁለት ፍየሎች አርደው በአንዱ ሆድ ውስጥ ድብቴውን ሁሉ ሊያፈሱ ሲሉ ድልነሳ እጇን ያዘ፦ «ኧረ ቀስ! ለበሬ ሩቡ በቅቶት ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህም ይበቃዋል።» እሷም ሰምታው ሩቡን ብቻ አፈሰሰች።

አውሬው ፍየሉን ዋጠ። አዛጋ። ዓይኑን ጨፈነ። እነሱም ተጠጉ። ወዲያው ዓይኑ ተገለጠ፣ ጭራው ተወነጨፈ፣ ድልነሳ የጦር ክንዱ ተሰብሮ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ትርንጎ በሁለተኛው ፍየል ሆድ ውስጥ የቀረውን ሁሉ ደፋችና ወረወረችለት። ለበሬ የበቃ ለዚህ ተራራ ለሚያህል አውሬ ምኑ ነው! ያኔ ዘንገሎ አገር የሚያናውጥ ማንኮራፋቱን ለቀቀው።

የዛፉን ቅርፊት ሰንጥቃ ነጩን ወተት እየቀዳች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። አውሬው መጀመሪያ አዛግቶ ነበር። መምህር ዘርጋውም አዛግተው ነበር።

«ጋሼ!» አለች፤ ዕንባዋ መጣ። «ድግምት አልነበረም። የኔታ ዘንገሎ ነበሩ፤ ልጁ ደግሞ ፍየሉን እንኳ አያህልም። አንድ ጽዋ ለሁለቱ!»

ድልነሳ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ «እኔም ሩቡ ይበቃዋል አልኩ» አለ። ጥፋቱን ሲያምን በዕድሜው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሲመለሱ መምህሩን ከልጁ አልጋ ሥር አገኟቸው። ነገረቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ በጆሯቸው። እሳቸውም ሰፊ መዳፋቸውን ከልጁ መዳፍ ጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«የጠጣሁት እኮ እሱን ልጠብቅ ብዬ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ። እኔው ነኝ።»

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ለዚህ የከበደ እንቅልፍ ግማሽ ጽዋ ንቄ መዘጋጀት አለበት። ንቄ ደግሞ ድብቴን የሚታገል ነው፤ የሚታገለው ሲያጣ ልብን ያስጋልባል። ለጤነኛ ሰው መርዝ ነው። ማርከሻ የሚሆነው ድብቴ ደግሞ በዘንገሎ ሆድ ውስጥ ቀርቷል።

«እቴጌ፣ ስለ አምላክ ሕጉን ዛሬ ይተዉልን!» ብላ ትርንጎ እግራቸው ላይ ወደቀች። «መድኃኒት በጤነኛ አይፈተንም!»

«ተቀምሶልኝ እንኳ ልጄን አጣሁ» አሉ እቴጌዋ። «ሳይቀመስ እንዴት ልመን? ሰጪው ያንኑ ግማሽ ጽዋ ቀድሞ ይጠጣ።»

እናት ናቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ትርንጎ ጽዋውን አነሳች። ከእጇ ላይ ግን ሰፊው መዳፍ ወሰደው።

«አንቺ ቀጭን ነሽ፤ ይገድልሻል። የኔ ገላ ሰፊ ነው፤ ይችለዋል።»

«የኔታ! ያረጀ ደም መድኃኒት ቶሎ አይሸኝም ብለው እርስዎ ራስዎ አስተምረውኛል!»

«አዬ፣ ደህና ተማሪ አስተማሪውን በሰው ፊት አያርምም» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «የሰመርዳን ሹማምንት ስሙኝ! ልጁን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ጠላት የለም፣ ድግምትም የለም። ስህተቱ የእጄ ነው፤ ካሳውም የእጄ ይሁን!»

ጠጡ። ከዚያ የልጁን ጽዋ ለትርንጎ ሰጡና «በጠብታ፤ ትንፋሹን እያየሽ። ሲበቃው ተዪ» አሏት። እሷም አንድ ጠብታ፣ ጥበቃ፣ ደግሞ አንድ ጠብታ። የመምህሯን ልብ ሩጫ ከጎኗ ትሰማለች፤ ዞር ብላ ብታይ ጠብታው ከልክ እንደሚያልፍባት ስለምታውቅ ግን አልዞረችም። ይህን ያህል የከበዳት ነገር በሕይወቷ አልነበረም።

ልዑሉ ሳለ። ዓይኑን ገለጠና «ራበኝ» አለ። እልልታው ግቢውን ሞላው። ያኔ ዞረች። መምህር ዘርጋው ግንባራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ልባቸው ቆሟል።

ሐዘኑ ሲያበቃ እቴጌዋ የማሉትን አልረሱም። «ለምኝ» አሏት።

«ሕጉን ይሻሩልኝ» አለች ትርንጎ። «ከእንግዲህ ሰጪው አይጠጣ። ተቀባዩ ይመዘን።»

በመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የማር መመዘኛው ትልቅ ሚዛን ተተከለ። ክንዱ የታሰረው ድልነሳ በደህና እጁ ልዑሉን አንስቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። የመምህሩን ሞት ያልነገሩት ልጅም እየተወዛወዘ ሳቀ፤ ከዚያ ዙሪያውን በዓይኑ ፈለገ።

«መምህር ዘርጋውስ? እሳቸው አይመዘኑም?»

ትርንጎ የሚዛኑን ገመድ ጨበጥ አደረገች።

«እሳቸውን» አለችው፣ «ይሄ ሚዛን አይችላቸውም።»