ሞካሪ፦ ሐዳሳ

እናንተስ? ያልሠራችሁትን ሥራ «ሠርተዋል» ብሎ ጓደኛችሁ ስማችሁን ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ደስ ብሏችሁ ታልፋላችሁ?

ሐዳሳ አላለፈችም። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ማስታወቂያውን ደግማ አነበበችው። «የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሰኞ ናቹራል ወይም ሶሻል የሚመርጡበት ድረ ገጽ ተሠርቶ ተሞክሯል። ሠሪ፦ አዶናይ። ሞካሪ፦ ሐዳሳ።»

ድረ ገጹን በዓይኗም አላየችውም።

«ምን አስቆጣሽ? ስምሽ እኮ ነው የወጣው!» አለ አዶናይ ከኋላዋ መጥቶ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። «አንቺ ሞከርሽው ከተባለ ቲቸር ዮዲት ጥያቄ አያበዙም።»

«ሳልሞክረው?»

«እኔ ላፕቶፔ ላይ ስንቴ ገብቼ ወጣሁበት! ፐርፌክት ነው። አታካብጂ፣ በናትሽ።»

ላፕቶፕ! የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ስንቱ ነው የራሱ ላፕቶፕ ያለው? ከሌሞ ገጠር በጋሪ የሚመጣውም፣ የከተማው ነጋዴ ልጅም የሚሰለፈው ለእነዚሁ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። አንዱ ከወንበሩ ሳይነሣ ሌላው ግማሹን ይዞታል። ይህን ግፊያ ያላየ ሙከራ ሙከራ አይባልም።

ሐዳሳ የክፍሏን ልጆች ሆሴዕንና ጵርስቅላን ከግቢ ጠርታ አስገባች። «ልክ እንደ ሰኞ ተጋፉ» አለቻቸው።

ሆሴዕ በስሙና በፓስወርዱ ገባ፤ ቅጹ ላይ ናቹራልን መርጦ ላከ። ጵርስቅላ በክርኗ ገፍታ አስነሣችውና ሶሻልን መርጣ ላከች። ሐዳሳ የገቡትን ምርጫዎች ስትከፍት የጵርስቅላ ስም የለም። የሆሴዕ ምርጫ ግን ሶሻል ሆኗል። ድረ ገጹ አሁንም ወንበሩ ላይ ያለው ሆሴዕ መስሎታል።

«ኧረ ጌታ ሆይ! ሐኪምነቴን ቀማችኝ!» ጮኸ ሆሴዕ።

«አንተ ደም አይተህ የምትወድቀው? አገር ተረፈ!» አለች ጵርስቅላ።

አዶናይ አልሳቀም። «ሎግ አውት ሳያደርግ መነሣቱ የራሱ ጥፋት ነው።»

«ከኋላው እየገፉት? አንተስ እዚህ ስትቀመጥ አድርገህ ታውቃለህ?»

አዶናይ ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋው።

ሐዳሳ ቅጹ እንደተላከ ድረ ገጹ ራሱ ተማሪውን እንዲያስወጣ አደረገች። አናቱ ላይም የገባው ልጅ ስም በትልቁ እንዲታይ ጻፈች። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ለቀቀችበት። ሆሴዕ ልኮ ሲያበቃ «ወደ ኋላ» የሚለውን ተጫነ፤ የመግቢያው ገጽ ብቻ ወጣ። ጵርስቅላ ሳትልክ ተነሣች፤ እሱ ተክቷት ሲቀመጥ ስሟ ከላይ ፈጦበት «ይቺ እኔ አይደለሁም!» ብሎ ከገጹ አስወጣት። መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ እንደገና ሞከሩት። በመጨረሻ ሁለት ስም፣ ሁለት ምርጫ፣ እያንዳንዱ በቦታው! ሐዳሳ ወንበሩን ተደግፋ ስክሪኑን አየችው። ልቧ በኩራት ሞላ። ይህ የእሷ ሥራ ነው።

«እንግዲህ አሁን ሞክረሽዋል» አለ አዶናይ ሲወጡ። «ማስታወቂያውም እውነት ሆነ። ተይው በቃ።»

ሐዳሳ ማስታወቂያውን መለስ ብላ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ቲቸር ዮዲት ያንኑ ወረቀት ለሰልፉ አነበቡት። ተማሪው አጨበጨበ። ጭብጨባው ለሥራዋ ይገባታል፤ ከሥራዋ ቀድሞ ለተለጠፈው ወረቀት ግን አትቀበለውም። ስሟ ማንም ሲቸግረው የሚለጥፈው ማኅተም አይደለም።

ሐዳሳ ከሰልፉ ወጥታ ማይኩን ጠይቃ ተቀበለች።

«አዶናይ፣ ወደ ፊት ና። ይህ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ድረ ገጹን የሞከረው ማን ነበር? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ መልስ።»